ትንሹ የባቡር መንገድና የሠሪው ውርስ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ሰዓት የሰውን ጠባይ ከሥራው ሰዓት ይልቅ ይገልጠዋል። በሥራው ሰዓት አለቃ አለ፥ ደንብ አለ፥ በበሩ ቆሞ የሚጠብቅ ባለጉዳይ አለ። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አዛዡም ታዛዡም ራሱ ሰውየው ነው። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በዚህ በትርፍ ሰዓታቸው ትንንሽ የባቡር መንገድ ሠርተው፥ ሥራቸው ለብዙ ሺሕ ሰዎች አርአያ ስለ ሆነላቸው ጥቂት ሰዎች ነው።

ከመካከላችሁ «ይህ የልጆች መጫወቻ አይደለምን?» የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን ፍርዱን እስከ ንግግሩ መጨረሻ እንዲያቆይልኝ እለምነዋለሁ። በዚህ መጫወቻ በሚመስለው ነገር ውስጥ ሁላችንንም የሚነካ አንድ ጥያቄ አለበትና፤ ይኸውም ሰው ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት ሥራ ከእርሱ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። የሞዴል ባቡር መንገድ ማለት እውነተኛው ባቡር፥ ሐዲዱ፥ ጣቢያው፥ ድልድዩ፥ ተራራውና ከተማው ሁሉ በአንድ ልክ ተቀንሶ የሚሠራበት ነው። በዓለም ላይ ይበልጥ የተለመደው ልክ ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን፥ በእርሱ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው በዚህ ልክ ሲሠራ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው ሐዲድም ወደ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይወርዳል። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ያለ ትንሽ ሞተር ነው፤ ኤሌክትሪኩንም ከሐዲዱ በመንኰራኵሮቹ በኩል ይቀበላል።

ባቡሩ ክብ እየዞረ መሮጡ ግን ለባለሙያዎቹ ደስታቸው አይደለም። ደስታቸው ባቡሩ እንደ እውነተኛው ሥራ እንዲኖረው ነው። ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳ ያወጣሉ፥ ጭነት ይመዘግባሉ፥ ፉርጎዎችን ለይተው በየመጋዘኑ ደጃፍ ያቆማሉ። ሰዓታቸውንም ያፋጥኑታል፤ ሰዓቱ ከእውነተኛው 12 ጊዜ ቢፈጥን የ24 ሰዓት ሥራ በ2 ሰዓት ይፈጸማል። እንግዲህ መዝገብና ደንብ እስከ ማታ ድረስ ከሰው አይለይም ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህን ደንብ ወድደው የገቡበት መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውቄ ወደ ሰዎቹ ታሪክ እገባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ጆን አለን የሚባለውን አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው በ1913 ተወለደ፤ ሙያውም ፎቶግራፍ ማንሣት ነበረ። በ1946 በካሊፎርንያ በሞንተሬይ ከተማ ሳለ፥ አንዲት አልጋ በምታህል ጠረጴዛ ላይ የባቡር መንገድ ዘረጋ። መንገዱንም «ጎሪ ኤንድ ዲፊቲድ» ብሎ ሰየመው። ይህ ስም በጽሕፈት ሲያዩት የሁለት ከተሞች ስም ይመስላል፤ በአፍ ሲጠሩት ግን «በደም የተለወሰና ድል የተመታ» ማለት ይሆናል። ሰውየው ቁም ነገርንና ቀልድን አጣምሮ የያዘ ለመሆኑ ከስሙ ጀምሮ ይታወቃል።

ወደ ሌላ ቤት ከተዛወረ በኋላ፥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፥ በምድር ቤቱ ውስጥ ሦስተኛውንና ትልቁን መንገድ መሥራት ያዘ። የመጀመሪያይቱን ትንሽ ጠረጴዛ ግን አልጣላትም፤ በትልቁ ሥራ ውስጥ እንደ አንድ ክፍል አድርጎ አገባት። ተራራዎቹን ከወለሉ እስከ ጣሪያው ድረስ አቆማቸው፤ ጎብኚው በጠረጴዛ ዳር ቆሞ ቁልቁል መመልከቱ ቀርቶ፥ በሸለቆ ውስጥ ቆሞ ባቡሩ ከራሱ በላይ በድልድይ ሲያልፍ ሽቅብ ያይ ጀመር። ቦታ በጠበበውም ጊዜ መስተዋት በስልት እያቆመ፥ መንገዱ ከግድግዳው አልፎ የሚቀጥል እንዲመስል አደረገ።

በዚያ ዘመን ብዙው የሞዴል ባቡር ከሱቅ እንደ ወጣ የሚያብለጨልጭ ነበረ። አለን ግን እውነተኛ ባቡር ጥቀርሻ እንደሚለብስ፥ ብረት እንደሚዝግ፥ የፉርጎ ሳንቃ በፀሓይና በዝናብ እንደሚገረጣ ያውቅ ነበረ። ስለዚህ አዲሱን ዕቃ በቀለም ያስረጀው ጀመር፤ ዛሬ ይህ ዘዴ በዚህ ሙያ ላለ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርት ሆኗል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ሰው ግን መሣቅን አልተወም። ከሎኮሞቲቮቹ መካከል 13 ቍጥር የተሰጣት ኤማ የምትባል ነበረች፤ ኤማም ሎኮሞቲቭ ሳትሆን ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ከጠፉት ታላላቅ አራዊት አንዷን መስላ የተሠራች ነበረች። ፉርጎዎችን እየጎተተች በጣቢያው ግቢ ስትመላለስ ጎብኚው ሁሉ ይገረምባት ነበር።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ጆን አለን በጃንዋሪ 6 ቀን 1973 በልብ ሕመም በድንገት ዐረፈ። ከዐሥር ቀን በኋላ በቤቱ እሳት ተነሥቶ፥ ሩብ ምእተ ዓመት ያህል የተደከመበት ሥራ አብዛኛው ዐመድ ሆነ። ሠሪው የሥራውን ጥፋት ሳያይ፥ ሥራውም ከሠሪው በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ተከታትለው ሄዱ።

ታሪኩ በዚህ አልቆ ቢሆን ኖሮ ስሙን ዛሬ የሚያነሣው ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን አለን በሕይወቱ ሳለ የሚያውቀውን አልሸሸገም። ሥራውን በራሱ ፎቶግራፍ እያነሣ፥ አሠራሩን በመጽሔት እየጻፈ፥ ቤቱንም ለጓደኞቹ እየከፈተ ኖረ። ሊን ዌስትኮት የተባለው የታወቀ የሙያው መጽሔት አዘጋጅ እነዚያን ፎቶግራፎችና ጽሑፎች ሰብስቦ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1981 ታትሞ ወጣ። ጆርጅ ሴሊዮስ የተባለ ሌላ አሜሪካዊም የጆን አለንን ሥራ አርአያ አድርጎ፥ በ1985 በማሳቹሴትስ ግዛት በፒቦዲ ከተማ የራሱን መንገድ ጀመረ። ይህም መንገድ በ1930ዎቹ የኤኮኖሚ ችግር ጊዜ የነበረውን የከተማ ኑሮ፥ ከተጨናነቁት ፎቆቹና ከግድግዳ ማስታወቂያዎቹ ጋራ እያሳየ፥ በተራው ለሌሎች አርአያ ሆነ። እሳቱ እንግዲህ የበላው እንጨቱንና ቀለሙን ነው፤ ትምህርቱን አላገኘውም።

አሁን ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። በዚያ የምናገኘው ሮይ ኢንግላንድ ይባላል፤ ስሙ እንግሊዝ ቢሆንም የተወለደው በአውስትራልያ ነው። በ1925 ገና ወጣት ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር መጥቶ፥ «የነጭ ፈረስ ሸለቆ» በሚባለው የገጠር ወረዳ አጠገብ ተቀመጠ። የሸለቆው ስም የመጣው በጥንት ዘመን በኰረብታው ላይ ከተሣለ ታላቅ ነጭ ፈረስ ነው። ወጣቱ በዚያ ሲመላለስ አንድ ነገር አሳዘነው። ብዙ ዘመን የቆዩት የሣር ክዳን ቤቶች እየፈረሱ፥ ክዳናቸውም በፋብሪካ ክዳን እየተተካ፥ የገጠሩ መልክ በዓይኑ ፊት ሲለወጥ አየ። ለውጡን ለማስቆም ሥልጣን አልነበረውም። ስለዚህ በሚቻለው ነገር ላይ ቆረጠ፤ ቤቶቹን አንድ በአንድ እየለካ፥ እየሣለ፥ ፎቶግራፍ እያነሣ፥ ከእውነተኛው 76 ጊዜ ባነሰ ልክ በካርቶን ይሠራቸው ጀመር።

አንዱን ጎጆ ለመጨረስ ወራት ይፈጅ ነበረ። ምክንያቱም «ጎጆ የሚመስል» ነገር አይበቃውም ነበርና፤ የእገሌን ጎጆ፥ ከነመስኮቱ፥ ከነጓሮ አትክልቱ፥ ከነጥቃቅን ጉድለቱ መሥራት ይፈልግ ነበረ። ባቡሩም በዚህ ሸለቆ ውስጥ የሚያልፈው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እንደ ነበረው ሆኖ ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የእኛ ምሳሌ ለዚህ ሰው የተነገረ ይመስላል።

ሮይ ኢንግላንድ ግን ሥራው ከአንድ ሰው ዕድሜ እንደሚረዝም በጊዜ ተረዳ። በ1954 በኦክስፎርድሺር በሎንግ ዊተንሃም መንደር ፔንደን የሚባለውን ቤተ መዘክር አቋቋመ። በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎችም ከእርሱ ጋራ ተሰለፉ። ከእነርሱ አንዱ ጋይ ዊልያምስ ሎኮሞቲቮችን በመሥራት የታወቀ ነበረ፤ በቤተ መዘክሩ ጎብኚዎች ቆመው የሚያደንቁትን ረጅሙን የእንጨት ድልድይም የሠራ እርሱ ነው። መሥራቹ በ1995 ሞተ፤ የሸለቆው ሥራ ግን አልቆመም፤ እርሱን በአካል የማያውቁ ወጣቶች እንኳ የእርሱን ልክና የእርሱን ጥንቃቄ ጠብቀው ቀጠሉ።

በዚሁ ቤተ መዘክር ሌላ ትንሽ መንገድም ተጠብቆ ይገኛል። እርሱም ጆን አኸርን የተባለ እንግሊዛዊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጀመረው «ማደር ቫሊ» የሚባለው ነው። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብዙዎቹ የሞዴል ሠሪዎች ልባቸው በሐዲዱና በሎኮሞቲቩ ላይ ነበረ፤ አኸርን ግን ባቡሩ የሚያልፍበትን አገር፥ ወንዙን፥ ጠባቡን መንገድ፥ የወደቡን ከተማ ሁሉ አንድ አድርጎ በመሥራት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። ሸለቆውን ያፈለቀው ከራሱ አሳብ ነው፤ ቤቶቹን ግን በልዩ ልዩ ቦታ ካያቸው እውነተኛ ቤቶች ወሰዳቸው። በ1961 ሲሞት ሥራው ወደ ፔንደን ገባ። የጆን አለንን እሳት ለሚያስታውስ ሰው የዚህ ትርጕም ግልጽ ነው፤ የሚረከበው ቤት ያገኘ ሥራ ከሠሪው በኋላ ይኖራል።

ሦስተኛው ሰው ፒተር ዴኒ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። እርሱም በ1940ዎቹ «ባኪንግሃም» የተባለውን መንገድ ጀመረ። ባኪንግሃም እውነተኛ ከተማ ነው፤ ወደ እርሷ የሚገባው ይህ የባቡር መስመር ግን በቄሱ አሳብ የተፈጠረ ነው። ጊዜውም በ1907 አካባቢ ተወሰነ፤ ስለዚህ ሎኮሞቲቩ፥ የሴቶቹ ቀሚስ፥ የጋሪው ቅርጽ ሁሉ ከዚያ ዓመት ጋራ መስማማት ነበረበት። በእጁ የሚሠራውን ከመግዛት የሚመርጥ ሰው ስለ ነበረ፥ አብዛኛውን ነገር ራሱ ሠራው።

በመንግሥት ሥራ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር መዛወርን የሚያውቅ ሰው የዚህን ቄስ ችግር በቀላሉ ይረዳዋል። በአገልግሎቱ ምክንያት መኖሪያውን ሲለውጥ መንገዱም አብሮት መሄድ ነበረበት። እርሱም በየቤቱ ስፋት ልክ እያስተካከለ፥ አንዱን ክፍል እያፈረሰና እያሻሻለ፥ ሥራውን ሳያቋርጥ ኖረ። ልጁ ትንሽ ሳለ በሌላው ጣቢያ ሆኖ ባቡሮችን በመቀበልና በመላክ ይረዳው ነበር። ልጁ አድጎ ከቤት በወጣ ጊዜ ግን ቄሱ የልጁን ፈንታ በተራ የሚሠራ መሣሪያ በጥበቡ ሠርቶ፥ በልጁ ስም «አውቶማቲክ ክሪስፒን» አለው። ይህን ስሰማ ሣቅሁ፤ ከሣቁ ቀጥሎ ግን ልጆቹ ያደጉለት አባት ሁሉ የሚያውቀው ዝምታ ያለበት ቤት በአሳቤ መጣ። ፒተር ዴኒ በ2009 ዐረፈ። የባኪንግሃም መንገድ ግን በወጣትነቱ ስለ እርሱ አንብቦ ልቡ ወደዚህ ሙያ ከተሳበ ከአንድ አድናቂው እጅ ገብቶ፥ እንደ ገና በጊዜ ሰሌዳው ይሠራ ጀመር።

ትንሹን ነገር ሁሉ ካነሣሁ በኋላ ትልቁን መዝለል አይገባኝም። በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ፥ በአሮጌዎቹ የወደብ መጋዘኖች ውስጥ፥ «ሚኒያቱር ቩንደርላንድ» የሚባል ቦታ አለ። ፍሬዴሪክ ብራውንና መንታ ወንድሙ ጌሪት ብራውን በነሐሴ ወር 2001 ለሕዝብ ከፈቱት። ከ16 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐዲድና ከ1,000 የሚበልጡ ባቡሮች አሉበት። በ2011 የአውሮፕላን ማረፊያ ተጨምሮለት፥ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲነሡና ሲያርፉ ይታያል። መብራቱ እየደበዘዘና እየበራ ሌሊቱና ቀኑ በደቂቃዎች ይፈራረቃሉ። ይህን የመሰለውን ሥራ አንድ ሰው በቤቱ ሊደግመው አይችልም፤ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋልና። ቢሆንም ከዚያ የሚመለስ ልጅ ወይም ሽማግሌ ስለ ኪሎ ሜትሩ ብዛት ብቻ አያወራም፤ በአንድ መስኮት ውስጥ ስላያት፥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ስለምታህል አንዲት ሴት ያወራል። የትልቁም ኀይል በትንሹ ነገር ላይ ቆሟል ማለት ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሥራዎች ሌላውን ሰው ለሥራ የሚያነሣሡበት ምክንያት ምንድር ነው? እኔ ሦስት ነገር አግኝቻለሁ። አንደኛው ወሰን ነው። ቄሱ ዓለምን ሁሉ ለመሥራት አልሞከረም፤ አንድ መስመርና አንድ ዘመን መረጠ። ብዙ ሰው የጀመረውን የማይጨርሰው ሰነፍ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ወሰን ሳያበጅለት ስለሚጀምረውም ጭምር ነው። ሁለተኛው ማየት ነው። ጆን አለን ዝገቱን፥ ሮይ ኢንግላንድ የሣሩን ክዳን፥ አኸርን የወንዙን ዳር ከመሥራታቸው በፊት አይተውታል። ሰው በየቀኑ የሚያልፍበትን ነገር በእውነት የሚያየው ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ነው። ሦስተኛው ማካፈል ነው፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠውም ይህን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አለን ዕውቀቱን በመጽሔት አካፈለ፤ ኢንግላንድ ሥራውን ለማኅበር አስረከበ፤ የዴኒንም መንገድ ያዳነው ስለ እርሱ የተጻፈውን አንብቦ የወደደው ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ሥራውን በቍልፍ ጠብቆ አላዳነም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ባቡር ሳላነሣ ባልፍ ይቈጨኛል። የጅቡቲና የአዲስ አበባ የባቡር መንገድ ሥራ በ1897 ተጀምሮ፥ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበረ። ለሦስት ትውልድ ያህል ከብቱንና ቡናውን፥ ሙሽራውንና ወታደሩን፥ ሹመኛውንና ተማሪውን አመላልሷል። ዛሬ ያ ባቡር ወደ ለገሃር አይገባም፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መንገድ በሌላ ሐዲድ፥ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር በሆነ፥ በሌላ ጣቢያ ይመጣል። መሻሻሉ መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን የቀድሞውን ጣቢያ ደወል የሰሙ፥ ፉርጎውን የቈጠሩ፥ የጭነት ደረሰኙን የጻፉ ሰዎች ቍጥራቸው በየዓመቱ ይቀንሳል።

አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በ87 ሲካፈል ከ11 ሚሊ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ለእንዲህ ያለው ሐዲድ ሞዴል የሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ሐዲድም በፋብሪካ ይሠራል። ስለዚህ የአዋሽን ድልድይ ወይም የድሬዳዋን ጣቢያ በጠረጴዛ ላይ ማየት ለሚፈልግ ሰው ልኩ አስቀድሞ ተወስኖለታል ማለት ነው። ዕቃው ውድ ነው የሚል ቢኖር እውነት አለው። ቢሆንም ሮይ ኢንግላንድ የጀመረው በሜትር፥ በእርሳስና በካርቶን ነው። ግድግዳን መለካት፥ መስኮትን መቍጠር፥ የሚያስታውስ ሽማግሌን ቀርቦ መጠየቅና የነገረውን መጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ካርቶኑ ባይቆረጥ እንኳ ልኩና ቃሉ ተጽፎ ይቀራል።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ በመግቢያዬ ፍርዱን እንዲያቆይልኝ የለመንሁት ሰው አሁን ይፈርዳል። እኔ በበኩሌ እነዚህን ሰዎች ሳስብ የመሥሪያ ቤታችን ነገር በአሳቤ ይመጣል። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ በጡረታ የሚሰናበት ሰው የሥራውን ዘዴ ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ከሄደ፥ በማግሥቱ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ወጣት ከሀሁ ይጀምራል፤ ያ ሁሉ ዕውቀት ሳይነድ ተቃጠለ ማለት ነው። የጽሑፉን ቅጂ ትቶ፥ ለወጣቱ አሳይቶ የሄደ ግን እሳት እንኳ ቢመጣ ሥራው አይጠፋበትም። በቤታችሁ የምትወዱት ሥራ ካለ፥ ሐዲድም ይሁን አትክልት፥ ማሲንቆም ይሁን የእንጨት ሥራ፥ ዛሬ ማታ አንድ ልጅ ጠርታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡትና እጃችሁ የሚሠራውን ያይ ዘንድ ፍቀዱለት።